እንደራሴ፦ በኤፒክ ግጥም ውስጥ ከክፉው ቀጥሎ የሚቆመው ሰው

«እንደራሴ» የሚለውን ቃል ለሁለት ሲሰነጥቁት «እንደ ራሴ» ይሆናል። ገዢው «የሱ ቃል ቃሌ ነው፤ እሱን ያየ እኔን አየ» ብሎ የሚያቆመው ሰው ማለት ነው። በኤፒክ፣ ማለትም በረጅም የጀግንነት ተራኪ ግጥም ውስጥ ከክፉው ቀጥሎ ለሚቆመው ገጸ ባሕርይ «ምክትል» ወይም «ቀኝ እጅ» ከማለት ይህን ቃል እመርጣለሁ፤ ጥያቄውን በሆዱ ይዞ ይመጣልና። እውነት እንደ ራሱ ነው? ከሆነ ገጣሚው አንዱ ሲበቃው ለምን ሁለት አደረጋቸው? ካልሆነስ ምን አስሮት ነው አብሮ ገደል የሚገባው?

ስለ ዋናው ክፉ ተጽፎ አያልቅም። እንደራሴው ግን «ረዳት ገጸ ባሕርይ» ተብሎ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ይህ ስህተት ነው ባይ ነኝ። በኤፒክ ውስጥ ዋናው ክፉ ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግጥሙ ሲከፈት መንገዱ ተቆርጧል። በ«ራማያና» ራቫና የጠለፋትን ሲታን አይመልስም። በ«ማሃባራታ» ንጉሡ ዱርዮዳና በመርፌ ጫፍ ልክ እንኳ መሬት አልለቅም ብሏል። በነሱ ሰፈር መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን የሚያየው ሁለተኛው ነው። ሌላውን መንገድ ያውቀዋል፤ አንዳንዴም አፉን ሞልቶ ይናገረዋል፤ ግን አይሄድበትም።

አፍ ሆኖ የቆመው

እንደራሴነትን እንደ ሙያ አጥርቶ የሚያሳየው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሚልተን ብዔል ዜቡል ነው፤ ከሰማይ የተጣለው የሰይጣን ሁለተኛ። «የጠፋው ገነት» እ.ኤ.አ. በ1667 በ10 መጽሐፍ ታተመ፤ በ1674 ደግሞ በ12 ተከፋፍሎ ወጣ። ከ10,500 በላይ ስንኞች አሉት። ብዔል ዜቡል በዚህ ሁሉ ውስጥ አፉን የሚከፍተው አራት ጊዜ ነው፤ ሁለቴ በአንደኛው መጽሐፍ፣ ሁለቴ በሁለተኛው።

የመጀመሪያው ንግግር ጥርጣሬ ነው። ሰይጣን ከእሳቱ ባሕር ላይ ሆኖ ከፎከረ በኋላ እንደራሴው ያሞግሰዋል፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። ድል ያደረገን ኃይላችንን ያልነሳን መከራውን እንድንችለው ቢሆንስ? ወይም እዚሁ እሳት ውስጥ ባሪያ ሆነን እንድናገለግለው ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ አንባቢው በሆዱ ይዞታል፤ አንድ ሰው ሊያወጣው ይገባል። ሰይጣን ራሱ ቢያወጣው ገና በመግቢያው ይፈርሳል። ተራኪው ቢያወጣው ስብከት ይሆናል። ስለዚህ በሁለተኛው አፍ ወጣ፤ ሰይጣንም ድካም ውርደት ነው ብሎ ቆረጠው። ሰይጣን ጨርሶ አያመነታም ማለት ግን አይደለም። በአራተኛው መጽሐፍ ተራራ ላይ ሆኖ «ለንስሐ የቀረ ቦታ የለም ወይ?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። ያኔ ግን ብቻውን ነው። እንደራሴው ባለበት እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ሁለተኛው ንግግር አጭር ነው፤ ሠራዊቱ ደንዝዞ ተኝቷል፣ ድምፅህን ቢሰማ ልቡ ይመለሳል ይለዋል። ሦስተኛው ነው ዋናው። በሸንጎው ሞሎክ በግልጽ እንዋጋ ይላል፤ ቤልሆር አርፎ መቀመጥን በማር ቃል ቀብቶ ያቀርባል፤ ማሞን ደግሞ እዚሁ የራሳችንን መንግሥት እንገንባ ሲል ጭብጨባው ይነሳለታል። ነገሩ ከሰይጣን እጅ ሊወጣ ነው። ያኔ ብዔል ዜቡል ይነሳል። ሚልተን አነሳሱን ከመንግሥት ምሰሶ ጋር ያመሳስለዋል፤ ትከሻው የነገሥታትን ሸክም ለመቻል የተሠራ ይመስላል፤ አዳራሹም ጭጭ ይላል። ወደ አዲሱ ዓለም፣ ወደ ሰው ልጅ እንዝመት የሚለውን ሐሳብ ያቀርባል፤ ሸንጎውም በአንድ ድምፅ ይቀበለዋል። ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ግን ሚልተን ሚስጥሩን ነግሮናል፤ ምክሩ መጀመሪያውኑ የሰይጣን ነበር። ብዔል ዜቡል አፈ ንጉሥ ሆኖ ነበር የቆመው።

ለምን ሰይጣን ራሱ አላቀረበውም? ሐሳቡ ቢወድቅ የሚዋረደው እሱ አይሆንም። ሐሳቡ ሲያልፍ ደግሞ የሸንጎው ፈቃድ ይመስላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አራተኛው ንግግር ላይ ይገኛል። ብዔል ዜቡል «ታዲያ በዚያ ጨለማ አቋርጦ ማን ይሂድ?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም። ከዝምታው መሐል ሰይጣን «እኔ» ይላል፤ ብሎም ሌላ ሰው «እኔም» ብሎ በርካሽ ስም እንዳያተርፍ ቶሎ ብድግ ብሎ ጉባኤውን ይዘጋል። አንዱ ኳሱን አነሳለት፣ ሌላው መታ።

ከዚያ በኋላ ስሙ አይነሳም። በስድስተኛው መጽሐፍ የሰማይ ጦርነት ሲተረክ የብዙ ወዳቂ መላእክት ስም ይጠራል፤ የሱ ግን የለም። በአምስተኛው መጽሐፍ ትረካው ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ሰይጣን በሌሊት ከሱ ቀጥሎ ያለውን አንዱን ቀስቅሶ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ያ ስም የለሽ ሁለተኛ አለቆቹን እየዞረ ወደ ሰሜን ዝመቱ የሚለውን ትእዛዝ በሐሰት ምክንያት ያስተላልፋል። ሚልተን እዚያ ላይ የሚሰጠው ማዕረግ «እንደራሴ» ከሚለው ቃላችን ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያው ውሸት የተጓዘው በሁለተኛው እግር ነው ማለት ነው።

ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ቁም ነገር መጥፋቱ ነው። አፍ ሆኖ የተፈጠረ እንደራሴ ሥራው ሲያልቅ ይቀመጣል። «አንባቢ ይጠይቃል» ተብሎ በጦርነቱ ምዕራፍ ሰይፍ ካስያዙት የዋናውን ብርሃን ይሻማል፤ ራሱም ከአማካሪነት ወደ ተራ ወታደርነት ይወርዳል።

ዕቃ ሆኖ የተሠራው

የሁሉም ታላቅ ወንድም የባቢሎኑ ኪንጉ ሳይሆን አይቀርም። በ7 ጽላት የተጻፈው «ኤኑማ ኤሊሽ» ውስጥ የባሕር እናት አምላክ ቲያማት ባሏ ታደርገዋለች፤ የዕጣ ፈንታን ጽላት ደረቱ ላይ ታንጠለጥልለታለች፤ 11 ጭራቆች ባሉበት ሠራዊት ላይም ትሾመዋለች። ባላንጣዋ አምላክ ማርዱክ ሲመጣ ግን ኪንጉ ገና ሲያየው ሐሳቡ ይበተናል። ቲያማት ትሞታለች፤ እሱ ይታሰራል፤ ጽላቱ ከደረቱ ይወሰዳል። በ6ኛው ጽላት አማልክቱ ጦርነቱን ያስነሳው ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ ስሙን ይሰጣሉ፤ ደም ሥሩ ተቆርጦ ከደሙ የሰው ልጅ ይፈጠራል። ኪንጉ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም። መጀመሪያ የጽላት ማንጠልጠያ፣ ኋላ የደም ጋን ነው። ለዚህም ነው ማንም የማያለቅስለት፤ ከሱ ደም ነን የተባልነው እንኳ።

የሮማዊው ገጣሚ የቨርጂል የቁጣ መንፈስ አሌክቶም ከዚህ ወገን ናት፤ የተሠራችው ግን በበለጠ ጥንቃቄ ነው። በ«አኔይድ» 7ኛ መጽሐፍ እንስት አምላክ ዩኖ ከታች ዓለም ትጠራትና ጦርነት ጫሪ ትላታለች። አሌክቶ ሦስት ሥራ ትሠራለች፤ ሦስቱም የተለያየ መሣሪያ አላቸው። ለንግሥቲቱ አማታ እባብ ትወረውራለች። ለጦረኛው ቱርኑስ አሮጊት የቤተ መቅደስ አገልጋይ መስላ ትቀርባለች፤ እሱ ሲስቅባት እውነተኛ መልኳን ገልጣ ችቦ ደረቱ ላይ ትተክላለች። ለሦስተኛው ደግሞ የአዳኝ ውሾችን ሰው ወዳሳደገው አጋዘን ትነዳለች፤ አጋዘኑ ሲቆስል ገበሬው ይነሳል። ከዚያ ተጨማሪ ልሥራ ብትል ዩኖ በቃሽ ብላ ትመልሳታለች። የቱርኑስ ሳቅ ባይኖር ሦስቱ ሥራዎች ደረቅ ዝርዝር ይሆኑ ነበር። ዕቃ የሆነ እንደራሴ ቢያንስ አንድ ቦታ እምቢታ ሊያጋጥመው ይገባል።

ባለ ዕዳው

አሁን ወደ ካርና ልምጣ፤ በዚህ ርዕስ ላይ እንደ እሱ ብዙ የሚያስተምር የለም።

የሕንዱ «ማሃባራታ» 18 መጻሕፍት አሉት፤ ዱርዮዳና ከአምስት የአጎቱ ልጆች ጋር የሚገጥመው ጦርነትም 18 ቀን ይፈጃል። የዱርዮዳና ሠራዊት በየተራ አራት አዛዦች ይመሩታል፤ ቢሽማ 10 ቀን፣ ድሮና 5፣ ካርና 2፣ ሻልያ የመጨረሻውን ቀን። የዱርዮዳና የልብ ሰው ካርና ነው፤ የሚያዝዘው ግን በ16ኛውና በ17ኛው ቀን ብቻ። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ጭራሽ አይዋጋም፤ ቢሽማ «ግማሽ ተዋጊ» ብሎ ስላቃለለው እሱ ሳይወድቅ መሣሪያ አላነሳም ብሏል። አንባቢው 10 ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠውን ሰው እያሰበ ያነባል።

ዕዳው የሚጀምረው በ1ኛው መጽሐፍ፣ በአደባባይ ነው። በመሣሪያ ትርኢት ላይ ካርና ከአምስቱ አንዱን፣ አርጁናን፣ እኩል ለእኩል ይገጥማል፤ ያኔ ዘርህን ቁጠር ይባላል። ያሳደገው ሠረገላ ነጂ ነው፤ አንገቱን ይደፋል። ዱርዮዳና እዚያው በቆሙበት የአንጋ ንጉሥ አድርጎ ይቀባዋል። ምን ልመልስልህ ሲለው ዱርዮዳና የጠየቀው ወዳጅነቱን ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ዱርዮዳና ለአርጁና የሚመጥን ሰው አግኝቶ ነው፤ ቅን ልብ አይደለም። ቢሆንም ሁሉ ሲስቅ እጁን የዘረጋው እሱ ነበር።

ሂሳቡ የሚጠየቀው በ5ኛው መጽሐፍ ነው። የአምስቱ ወዳጅ ክሪሽና በሠረገላው ላይ አስቀምጦ እውነቱን ይነግረዋል፤ አንተ የኩንቲ የበኩር ልጅ ነህ፣ ልትዋጋቸው የተነሳኸው ወንድሞችህን ነው፣ ና፣ ዙፋኑ ያንተ ነው። ካርና እምቢ ይላል። ያሳደጉኝን አልክድም፣ ዱርዮዳና እኔን ተማምኖ ነው መሣሪያ ያነሳው ይላል። ቀጥሎ የሚለምነው ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ ከአምስቱ ታላቁ ለሆነው ለዩዲሽቲራ እንዳትነግረው ይላል። ታላቅ ወንድሙ መሆኔን ካወቀ መንግሥቱን ለኔ ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ ለዱርዮዳና አስረክበዋለሁ። ማን እንደሚያሸንፍም ያውቃል፤ በሕልሙ አይቶታል። ቆይታ እናቱ ኩንቲ ስትመጣ ከአርጁና በቀር ልጆችሽን አልነካም ይላታል፤ አርጁና ወይም እኔ፣ ዞሮ ዞሮ አምስት ልጆች ይቀሩልሻል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ዕዳው በዓይን ታይቶ ብዙ ሺህ ስንኝ ካለፈ በኋላ ነው ዋጋው የሚጠየቀው። ክሪሽና መጀመሪያ ቢጠይቀውና ውለታው በኋላ በትዝታ ቢነገረን፣ እምቢታው ግትርነት ይመስል ነበር። ጀማሪ ጸሐፊዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፤ ታማኝነቱን አስቀድመው ይናገሩና ምክንያቱን ሰውየው ሲሞት ያመጡታል። ያኔ ማብራሪያ ነው እንጂ ኀዘን አይሆንም።

ሁለተኛው ብልሃት ማራቆት ነው። ከጀግናው እኩል የሆነ እንደራሴ በቀላሉ ቢሸነፍ ማንም አያምንም፤ ስለዚህ ካርና አንድ በአንድ ይገፈፋል። አብሮት የተወለደውን ጥሩርና ጉትቻ አምላኩ ኢንድራ ብራህማን (ካህን) መስሎ ለምኖ ይወስድበታል። በምትኩ የሰጠውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወረወረውን ጦር ለአርጁና ሲያስቀምጠው በ14ኛው ቀን ሌሊት በሌላ ጠላት፣ በጋቶትካቻ ላይ ለመጨረስ ይገደዳል። ሠረገላ ነጂው ሻልያ በጦር ሜዳ መሐል እየተሳለቀ ልቡን ይሰብረዋል። በ17ኛው ቀን የሠረገላው መንኮራኩር መሬት ውስጥ ይሰምጣል። እያንዳንዱ ግፈፋ የራሱ ትዕይንት አለው። ሁሉም በመጨረሻው ገጽ ላይ ቢከመር ኖሮ መጥፎ ዕድል ብለን እናልፈው ነበር።

ደግሞ አልታጠበም። በቁማሩ ሸንጎ የአምስቱን ሚስት ድራውፓዲን በአስቀያሚ ስም የሰደበ፣ ልብሷ ይገፈፍ ያለ እሱ ነው፤ የአርጁናን ልጅ ወጣቱን አቢማንዩን ከከበቡት ውስጥም አለበት። ካርናን ወዶ ይህን የሚደብቅ ተራኪ ግማሹን ካርና ነው የሚተርከው።

ለአራት የተከፈለ

በ24,000 ገደማ ጥንድ ስንኞች የተጻፈው የቫልሚኪ «ራማያና» ሌላ መፍትሔ ይዟል፤ የእንደራሴውን ሥራ ለብዙ ሰው ማካፈል። ማሪቻ በፍርሃት የሚታዘዘው ነው። የሲታን ባል ራማን ያውቀዋል፤ አንዴ በቀስት መትቶ ባሕር ውስጥ ጥሎታል። ከዚያ ወዲህ «ራ» ብሎ የሚጀምር ቃል ሲሰማ እንኳ እንደሚደነግጥ ለራቫና ይነግረዋል። ተው ይለዋል። ራቫና እምቢ ካልክ እኔው እገድልሃለሁ ሲለው፣ ካልቀረልኝስ በራማ እጅ ልሙት ብሎ የወርቅ አጋዘን ሆኖ ይወጣል። ሲሞትም በራማ ድምፅ ይጮኻል፤ ወጥመዱ የሚዘጋው በዚያ ጩኸት ነው።

ኩምባካርና የሥጋ ዕዳ ያለበት ነው። ስድስት ወር የሚተኛው ይህ ግዙፍ ወንድም በከበሮና በዝሆን ርግጫ ይቀሰቀሳል፤ ሲነቃ የመጀመሪያ ሥራው ራቫናን መገሠጽ ነው፤ ሳትመክር አደረግኸው ይለዋል። ገሥጾ ሲያበቃ ለጦር ይወጣል፤ ራማም እጆቹን፣ ቀጥሎ እግሮቹን፣ በመጨረሻ አንገቱን ይቆርጣል። ኢንድራጂት ልጅና የጦር አለቃ ነው፤ በእባብ ቀስት ራማንና ወንድሙን ላክሽማናን ያስራል፤ በአስማት የተሠራች ሲታንም በራማ የዝንጀሮ ሠራዊት ፊት ያርዳል። ጥርጣሬ የሚባል አያውቅም። ሌላው የራቫና ወንድም ቪቢሻና ደግሞ ሌላውን መንገድ አይቶ የሄደበት ነው።

የቪቢሻና ነገር አንድ ችግር ያሳያል። እንደራሴ ከድቶ ወደ ጀግናው ሲሻገር፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደራሴ መሆኑ ያበቃል፤ መረጃ ሰጪ ይሆናል። ኢንድራጂት መሥዋዕቱን ከፈጸመ አይሸነፍም፤ የት እንደሚሠዋ የሚጠቁመው ቪቢሻና ነው። በክፉው ሰፈር የተተወው ቦታ ባዶ እንዳይቀር «ራማያና» አስቀድሞ ሌሎች አሰልፏል። አንድ እንደራሴ ብቻ ፈጥሮ እሱኑ የሚያስከዳ ገጣሚ ግጥሙን ከመሐሉ ያጎድለዋል። ከከዳተኛው ይልቅ የቀረው ሰው ለግጥም እንደሚበጅ ያወቀ ደግሞ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1861 ማይክል ማዱሱዳን ዳት በቤንጋሊኛ የኢንድራጂትን ሞት መሐል ላይ አድርጎ፣ ቤት በማይመታ ስንኝ የ9 ክፍል ኤፒክ ጽፎለታል።

ጌታው ቀድሞ ሲሞት

ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ቀድሞ ይወድቃል፤ ዋናው ብቻውን ይቀራል። የሆሜር «ኦዲሲ» ይገለብጠዋል። ርቆ የቆየውን የኦዲሲየስን ሚስት ፔኔሎፔን ለማግባት የተሰበሰቡት 108 ናቸው፤ ፊታውራሪያቸው አንቲኖስ፣ ቀጥሎ ዩሪማኮስ። አንቲኖስ ባለጌነቱን አይደብቅም። ዩሪማኮስ ግን ለስላሳ ነው፤ በ16ኛው መጽሐፍ ልጅሽን ማንም አይነካውም ብሎ ለፔኔሎፔ ይምላል፤ በልቡ ግን ሞቱን ያውጠነጥናል።

በ22ኛው መጽሐፍ ኦዲሲየስ መጀመሪያ የሚገድለው አንቲኖስን ነው፤ ጽዋውን ሲያነሳ ጉሮሮውን በቀስት። ያኔ ዩሪማኮስ የሚያደርገውን ተመልከቱ። ጥፋቱን ሁሉ በሟቹ ላይ ይጭናል፤ ሊነግሥ የፈለገ እሱ ነበር ይላል። ቀጥሎ ካሣ ያቀርባል፤ እያንዳንዳችን የ20 በሬ ዋጋ፣ ከወርቅና ከነሐስ ጋር። ኦዲሲየስ እምቢ ሲል ጓደኞቹን ሰይፍ ምዘዙ፣ ጠረጴዛውን ጋሻ አድርጉ ብሎ ይጮኻል፤ ሲሮጥ ጉበቱን ይመታል። በጥቂት ስንኞች ውስጥ ከዳ፣ ተደራደረ፣ ተዋጋ። አለቃው ቀድሞ ካልሞተ ይህ አይታይም፤ የሱ እንደራሴነት ምን ያህል ጥልቀት እንደነበረው የሚለካው ጌታው መሬት ላይ ሲዘረጋ ነው።

ሁለት ሹክሹክታ

የፋርሱ ገጣሚ ፊርዶውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 የጨረሰው «ሻህናሜ» ለቱራኑ ንጉሥ አፍራስያብ ሁለት ሰው ያቆምለታል፤ በአንድ ጆሮው ወንድሙ ጋርሲቫዝ፣ በሌላው የጦር አለቃው ፒራን። ተሰዶ የመጣውን የኢራን ልዑል ሲያቫሽን ፒራን ተቀብሎ ልጁን ይድርለታል፣ የንጉሡንም ልጅ ፋራንጊስን እንዲያገባ ይመክራል። ጋርሲቫዝ ቀንቶ በሐሰት ያጣላቸዋል፤ ሲያቫሽ ይታረዳል። ፒራን የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እርጉዟን ፋራንጊስን ግን ያድናታል። የተወለደውን ካይ ኮስሮውን እረኞች ዘንድ ያሳድጋል፤ አፍራስያብ ሊያየው ሲፈልግም ልጁን የማይገናኝ መልስ እየሰጠህ ጅል ምሰል ብሎ ያስጠናዋል። ጌታውን የሚያጠፋውን ሰው ያሳደገው እንደራሴው ራሱ ነው። ሆኖም ሲጠራ ለቱራን ይዋጋል፤ በሽማግሌው ጉዳርዝ እጅ ይሞታል፤ ካይ ኮስሮውም ያለቅስለታል።

ሁለት እንደራሴ መፍጠር ያለው ጥቅም ንጉሡን ማቅለል ነው። አፍራስያብ የሚመርጠው በክፋትና በደግነት መካከል ሳይሆን በሁለት ድምፆች መካከል ይመስላል። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ሲበዛ ንጉሡ የሚነፋበት ከረጢት ይሆናል። ፊርዶውሲ የሚያመልጠው አፍራስያብን በራሱ ኃይለኛና ፈሪ አድርጎ ስለሠራው ነው።

የጀርመኑ ሀገን የተቃራኒው ምሳሌ ነው። ጌታው ጉንተር ደካማ ነው፤ ስለዚህ እንደራሴው ያብጣል። ጀግናው ሲግፍሪድ የሚቆስልበትን አንድ ቦታ ከሚስቱ አፍ ያወጣል፣ ልብሱ ላይ ምልክት እንድትሰፋለት ያደርጋል፣ ከምንጭ ሲጠጣ በዚያው ይወጋዋል። በ39 ክፍል በተጻፈው «ኒቤሉንገንሊድ» ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ግጥሙ የማን እንደሆነ ያከራክራል። እኔ የሀገን ነው ባይ ነኝ።

ብዕሩ ላይ

ለራሳቸው ረጅም ግጥም እንደራሴ ለሚያበጁ ሰዎች መጀመሪያ የምመክረው ፈተና ይህ ነው፤ ንግግሮቹን በሙሉ አውጡና ግጥሙን ያለ እሱ አንብቡት። ምንም ካልጎደለ ሰውየው ማሚቶ ነው፤ ስረዙት። አንድ ውሳኔ ምክንያቱን ካጣ፣ ያ ውሳኔ የሱ ቦታ ነው፤ የቀረውን እሱ ዙሪያ ሰብስቡት። ብዔል ዜቡልን ብታወጡት ሸንጎው በማሞን ሐሳብ ይበተናል፤ ሰይጣንም ከገሃነም አይወጣም።

ከጌታው የበለጠ ብልህ ካደረጋችሁት «ታዲያ ለምን አይሄድም?» የሚለውን መመለስ ግዴታ ነው። ውለታ፣ ሥጋ፣ አገር፣ ፍርሃት፤ አራቱም ሠርተዋል። ሁለቱን መደራረብ ግን ያደክማል። ኩምባካርና ወንድም መሆኑ ላይ ዛቻ ቢጨመርበት ኖሮ ወንድምነቱ በረከሰ ነበር።

ስለ ዜማም አንድ ነገር። በአማርኛ ረጅም ግጥም ውስጥ ሁሉም ሰው በወል ቤት፣ ስድስት በስድስት ሲናገር ማን እንደሚናገር ይጠፋል። ዋናው በወል ቤት ከፎከረ እንደራሴው በሰንጎ መገን፣ አምስት በአምስት ቢመልስለት ጆሮ ወዲያው ይለያል፤ አጠር ስለሚልም ምክር ምክር ይሸታል። የሚያመነታው ላይ ስንኙን በጥያቄ መዝጋት ይሠራል፤ ግን ሦስት ጥያቄ ከተከታተለ ቤት መምቻው «ወይ፣ ወይ» እያለ ያሰለቻል። የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደልም ለዩት። በቃል ሲነበብ «ደ»ና «ደ» ይምታታሉ።

የሁለቱ ሞት ርቀትም ይታሰብበት። ካርናና ዱርዮዳና አንድ ቀን ይለያያሉ፤ ያቺ ቀን ዱርዮዳና ሐይቅ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝባት ናት፤ ቀኝ እጅ የሌለው ንጉሥ ምን እንደሚመስል ያየንባት። ርቀቱ ሲበዛ ሐዘኑ ይበርዳል፤ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ዋናው ያጣውን ለማጣት ጊዜ አያገኝም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ትንሽ ሰው ግን አለ፤ የዛሃክ የቤት አዛዥ ኮንድሮው፣ ከዚያው ከ«ሻህናሜ»። ትከሻው ላይ እባብ የበቀለበት ንጉሥ ርቆ ሳለ ባላንጣው ፈረይዱን ቤተ መንግሥቱን ይይዛል። ኮንድሮው ገብቶ ዙፋኑ ላይ ሌላ ሰው ሲያይ አይጮኽም፤ እጅ ይነሳል፣ ታዝዞ ግብዣ ያዘጋጃል፣ ሲነጋ ፈረሱን ጭኖ ለጌታው ሊናገር ይሄዳል። ዛሃክ እንግዳ ይሆናላ፣ ደስ ይበልህ ይለዋል። ኮንድሮው ምን ዓይነት እንግዳ ነው ከሴቶችህ ጋር የሚቀመጥ ሲለው ንጉሡ ይቆጣል፤ ከእንግዲህ የቤቴ አዛዥ አይደለህም ይላል። ኮንድሮውም ዙፋኑ ከሌለህ ሹመቱን ከየት አምጥተህ ነው የምትሰጠኝ ብሎ ይመልስለታል።